አስራ ሁለተኛው ደብተር

ባሌ ገና ባየኝ ቀን ነው የሰደበኝ። ምን አስዋሸኝ!

በፋሮ ደሴቶች፣ ጉም የማይለቃት አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ እኔ ቢርና የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ በገባሁ በሳምንቱ ነው። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ስዬ የጀግና ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ አስረዳለሁ። ጀግናው ከቤቱ ይወጣል፣ ይፈተናል፣ ይመለሳል። የትምህርት ቤቱን ቦይለር፣ ምድር ቤት ሆኖ ክፍሎቹን የሚያሞቀውን ትልቅ ምድጃ፣ የሚጠብቀው ሆግኒ ማሞቂያውን ሊያይ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ረጅም ነው፤ ዓይኑ ያዘነ። ልቤ ድንግጥ አለ!

«የሚመለስ ጀግና?» አለኝ በተማሪዎቼ ፊት። «እዚህ የሄደ አይመለስም። ልጆቹን አትዋሺያቸው።»

«አንተ ማሞቂያህን አሙቅ!» አልኩት።

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ እነሱ የተሰማቸውን በደብተራቸው ይጽፋሉ። ማርክ አልሰጥም። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ ተማሪው በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመልሳል። ስም አይቼ አላርምም፣ አመሌ ነው።

ተማሪዎቼ አስራ አንድ ናቸው። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ የመጨረሻው ደብተር ያረጀ፣ እርጥበት የነካው፣ ጨው ጨው የሚሸት ነበር። በልጅ እጅ አንድ መስመር ተጽፎበታል። «እኔም ሰማሁ። እኔንም ጠይቂኝ።»

እጄ ቀደመኝና ጻፍኩ። «ጀግናው ወደ ቤቱ መመለስ ለምን ፈራ?»

ከዚያ ቆጠርኳቸው። አስራ ሁለት! ሽፋኑን ገለበጥኩት። ሱንቫ ይላል።

በማግስቱ ለልጆቹ ባሳያቸው ሬይዱን የምትባለው ተማሪዬ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቲቸር... ሱንቫ እኮ የሆግኒ እህት ናት። ባሕር ወስዷታል። ያቺ ወንበር የሷ ናት።»

በመንደሩ ደንብ ባሕር የወሰደው ልጅ ወንበር ከክፍል አይወጣም። የሱንቫ ወንበር ጥግ ላይ ከቆመ ሃያ ዓመቱ። ደብተሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ስገባ የለም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ አገኘሁት። ጽሕፈቱ ግን የትልቅ ሰው ሆኗል። በቃ፣ ሟቿ ልጅ አደገች ብዬ ፈራሁ!

«የፈራው፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ባዶ ወንበር ስለሆነ ነው» ይላል።

እየፈራሁም ቢሆን ጠየቅኩ። ተመለሰልኝ። ደግሞ ጠየቅኩ። አንድ ቀን «ጀግናው ምን ደስ ይለዋል?» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ድሮ የእህቱ ሳቅ። አሁን ከላይ የሚመጣ የአንዲት ሴት ድምፅ።»

ይሄን የሞተች ልጅ አትጽፈውም! ጉንጬ ጋለ። መልኩን የማላውቀውን ሰው ወደድኩት፤ ማክሰኞ እስኪደርስ እንቅልፍ አጣሁ። ሆግኒ ደግሞ ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር እንደ ሌባ ያየኛል።

የመጨረሻው የቤት ሥራ የየራሳቸውን የጀግና ታሪክ መጻፍ ነበር። አስራ ሁለተኛውን ደብተር ስከፍት ቀትር ነው፤ ልጆቹ ምሳቸውን ይበላሉ።

«ጀግናው አስራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጀልባዋን በጉም ያወጣት እሱ ነው፤ እህቱ ተከተለችው። እሱ ብቻ ተረፈ። ሃያ ዓመት ምድር ቤት ሆኖ እሳት ጠበቀ። ዛሬ ጉሙ ሲወርድ ሊያመጣት ይሄዳል።»

አለቀ። መመለሻ የለውም!

ምድር ቤት... እሳት... ዓይኔ ከቦይለሩ ክፍል ወደ እኛ የሚወጣው ቱቦ ላይ ወደቀ። ድምፄ ወደ ሆግኒ ሲወርድ የከረመው በሱ በኩል ነው። በመስኮት አየሁ። ጉሙ ወርዷል።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ባሕሩ ዳር ስደርስ ሆግኒ ጀልባ ውስጥ ሆኖ ገመድ ይፈታል።

«ሆግኒ! ውረድ!»

«የእህቴን ደብተር ከእናቴ ሣጥን አውጥተሽ መጫወቻ ያደረግሽው አነሰሽ?»

«እኔ? የምታመጣው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ግን ጥያቄሽ ተጽፎበት ቦይለሩ ጋ ነው ያገኘሁት። ‹እኔም ሰማሁ› የሚለው የሷ እጅ ነው። ተናድጄብሽ ነበር። ግን ማንም እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሁለታችንም ማን እንዳመጣው ለመጠየቅ አልደፈርንም።

«ታሪክህን አልቀበልም» አልኩት።

«ምን?»

«መመለሻ የሌለው ታሪክ እኔ ክፍል አይታረምም። ሄደህ ጨርሰው።»

«ማን ጋ ልመለስ፣ ቢርና?»

«እኔ ጋ! እኔ ጋ ነዋ፣ አንተ ደረቅ!» አልኩና እንባዬ ዝርግፍ አለ።

ገመዱን መልሶ አሰረው። እጁ በረዶ ነበር፤ በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ቲቸር ሳመችው!» ብሎ ጉሙ ጮኸ። ጉዶቹ ተማሪዎቼ ተከትለውኝ መጥተዋል።

ማታውኑ ሆግኒ የመጨረሻው ገጽ ላይ «ጀግናው ቤቱ ገባ» ብሎ ጻፈ፤ ደብተሩን እኔው ራሴ የሱንቫ ወንበር ላይ አኖርኩት። ማክሰኞ ሥሩ በልጅ እጅ ተጽፎ አገኘሁ።

«አየሁት። አሁን ወንበሬን ውሰዱት።»

ደብተሩ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። እኛ በጸደይ ተጋባን። ወንበሩ ቤታችን ነው፤ ልጃችን ሱንቫ እራቷን የምትበላው እሱ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን እግሩ ሥር ጨው ጨው የሚሸት ውሃ አገኛለሁ። ጠርጌው እራት አቀርባለሁ።