የግራው መስመር

ሰዓት ጠጋኙ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ነበር የተገኘው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ ፊቱ ቀልቷል፤ ላየው ሰው ከእሳት ዳር አሁን የተነሣ እንጂ የሞተ አይመስልም። ከአልጋው ግርጌ አመድ የሞላ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ሕንፃው ማሞቂያ ካጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ራዲያተሮቹ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዙ። ማክሰኞ የመስኮቶቹ መስታወት በውስጥ በኩል በረዶ ያዘ። ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌው ሞቶ ተገኘ። ደረጃው ላይ የተሰበሰቡት ተከራዮች ነገሩን በሹክሹክታ ጨርሰውታል፤ በርዶት ከሰል አነደደ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ጭሱ ገደለው።

ለምርመራ የተላከው ሰው ግን ነገር ቶሎ የሚጨርስ አልነበረም። ባልደረቦቹ «መርፌ» ይሉታል፤ ቅጥነቱንም፣ ጠባብ ቀዳዳ ፈልጎ የመግባት ልማዱንም አይተው ያወጡለት ስም ነው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ክፍሉ መሃል ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ።

«በጭስ ታፍኖ ነው» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች። «የቆዳው መቅላት ይናገራል። ሕይወቱ ካለፈ ስድስት ሰባት ሰዓት ይሆነዋል።»

«የለበሰው ሸሚዝ ብቻ ነው።»

«አዎ።»

«ሹራቡን አጥፎ ወንበር ላይ አስቀምጧል። ብርድ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ገፎታል። እኔ ካፖርት ለብሼ ጥርሴ ይንገጫገጫል።»

 መርፌ ራዲያተሩን በመዳፉ ነካው፤ በረዶ ነው። ከላዩ የተሰጡትን የሱፍ ካልሲዎች አነሣ። የራዲያተሩን ጎድን ቅርጽ እንደያዙ ድርቅ ብለዋል። ቀጥሎ ማንደጃውን በጥንቃቄ አነሣና ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ። የወለሉ ፕላስቲክ ምንጣፍ አልቀለጠም፣ አልጠቆረም፣ አልተጨማደደም።

መስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው አለ። አንድ የተፈታ የእጅ ሰዓት ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል፤ የትንኝ ዓይን የሚያህሉ ብሎኖች በተርታ ተደርድረዋል። መርፌ ጣቱን በጨርቁ ላይ አሳለፈና ተመለከተው። የአመድ ብናኝ እንኳን አልነበረበትም።

የሟች ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ነበር። አርባ የሞላው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን አላወለቀም።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ልወስደው መጥቼ ነበር» አለ። «‹እኔ ቤት ይሞቃል፤ ብርዱ እስኪያልፍ ና› አልኩት። ‹የሰው ሰዓት ፈትቼ የትም አልሄድም› አለኝ። ተናደድኩ።»

«ምን አልከው?»

 «‹እንግዲያው ከሰል አንድደህ ሙቅ› አልኩት። በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።»  «አባቴ ምክሬን ሰምቶ አያውቅም። ይህቺን ሰማ።»

«ጮክ ብለህ ነበር?»

«ደረጃው ሁሉ ሰምቶኛል።»

«ከዚህ በፊት ቤቱ ውስጥ ከሰል አንድዶ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም። ‹አመድ ለሰዓት መርዝ ነው› ይል ነበር። እኔን ራሴን ጫማዬን ሳላራግፍ አያስገባኝም።»

«ማንደጃውስ?»

«አላውቀውም። ትናንት የእኔን ቃል ሰምቶ ገዝቶት ይሆናል።»

መርፌ ትከሻውን መታ አደረገውና ወጣ።

አስከሬኑን ያገኘው በቀጥታ ከላይ ያለው ጎረቤት ነው። ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ፤ ክንዶቹ ላይ የቆዩ የቃጠሎ ጠባሳዎች ያሉበት ግዙፍ ሽማግሌ። ከሴት ልጁና ወር ካልሞላት የልጅ ልጁ ጋር ይኖራል። መርፌ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ አገኘው።

«በየጠዋቱ ሻይ ይዤለት እወርዳለሁ» አለ ጋጋሪው። «የእሱ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ፣ የእኔ ቤት እሱ ጋ ነው። ሠላሳ ዓመት ዳማ ተጫውተናል።»

«ማን ነው የሚያሸንፈው?»

«እሱ ነዋ። እኔ እቸኩላለሁ።»

«ማንደጃውን ቀድሞ አይተውት ያውቃሉ?»

«የእሱ ይሆናል» አለ ጋጋሪው። ዓይኑን ከደረጃው አላነሣም።

«ልጅዎን ባነጋግር ቅር ይልዎታል?»

«እሷ ምንም አታውቅም፤ አራስ ናት።»

«ስለዚህ ብዙ አላስቸግራትም።»

የጋጋሪው ቤት መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተው ብርዱ ይነፍስበታል። ልጅቱ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኗ አጠገቧ፣ ከቁም ሣጥን በወጣ መሳቢያ ውስጥ፣ ትራስ ላይ ተኝታለች። ራዲያተሩ ላይ የተሰጡት የሕፃን ጨርቆች ደርቀው ቆመዋል።

«በዚህ ብርድ መስኮት የሚከፈተው ለምንድን ነው፣ ልጄ?»

«አባቴ ነው ጠዋት የከፈተው። አየር ይግባ አለኝ።» ግንባሯን ያዘች። «ራሴን ይፈልጠኛል። ሁለት ጊዜ አስመልሶኛል። እንቅልፍ ማጣት ይሆናል።»

የመርፌ ፊት ተለወጠ። ወደ ደረጃው ወጥቶ ሐኪሟን ጠራ። «ሌላውን ሁሉ ተዪው። እናቲቱንና ሕፃኗን አሁኑኑ እዪልኝ።»

ሐኪሟ ስትመረምር ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ሕፃኗ ደህና ናት፤ እናቲቱ ትንሽ ጭስ ነክቷታል፣ ታገግማለች» ስትል ሰማና የበሩን መቃን ይዞ ቁጭ አለ። ‹ጭስ ከየት መጣ?› ብሎ አልጠየቀም። መርፌ ይህንንም አየ።

የአስተዳዳሪዋ ቤትም ቢሮም ምድር ወለል ላይ ነው። ከጠረጴዛዋ በላይ ቁልፎች በተርታ ተሰቅለዋል።

«የማሞቂያው ክፍል ቁልፍ ከእኔ እጅ አይወጣም» አለች።

«ፈጽሞ?»

«ማለቴ፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ጋሽ ጋጋሪ ወስደውት ነበር። ለልጅ ልጃቸው የቆየ የሕፃን አልጋ እዚያ አለኝ ብለው። ዛሬ ጠዋት መለሱት።»

«ማሞቂያው ለምን ቆመ?»

«ተበላሽቶ ነው። በሩ ላይ ለጥፌያለሁ።»

መርፌ ወረቀቱን አነበበው። ‹ማሞቂያው ተበላሽቷል። ትዕግሥታችሁን እንጠይቃለን› ይላል።

ምድር ቤት የወረደው ከጥገና ሠራተኛው ጋር ነው። ተከራዮቹ «ጥቀርሻ» የሚሉት ይህ ሰው በሩን እንደከፈተ ቆም አለ። የቦይለሩን፣ የውሃ ማሞቂያ ምድጃውን፣ በር ከፈተ፣ ውስጡን በባትሪ አየ፣ መልሶ ዘጋው።

«ሰው ገብቷል» አለ። «እኔ ሰኞ የግራና የቀኙን ቧንቧ መስመር ቫልቮች ሁለቱንም ክፍት ነው የተውኳቸው። አሁን የቀኙ ተዘግቷል። ውሃውም እስካሁን ለብ ያለ ነው።»

«የግራው መስመር የማንን ቤት ያሞቃል?»

«ከታች የሰዓት ጠጋኙን፣ ከላይ የጋጋሪውን። ከነሱ በላይ ያለው ቤት ባዶ ነው።» ራሱን ነቀነቀ። «ሌላው ነገር፣ ምድጃው ተጠርጓል። አመዱ ወጥቶ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ታብሷል። ሃያ ዓመት ሠራሁ፤ ቦይለር የሚያብስ ሰው አላየሁም።»

«ሰኞ ለምን አጠፋኸው?»

«ጭስ ማውጫው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ያለው ልክ ከሟቹ አልጋ ራስጌ ጀርባ ነው። ጡቡ ሳይቀየር እንዳይለኮስ ብዬ ለአስተዳዳሪዋ በቃሌም በጽሑፍም ነግሬአታለሁ።»

ከቀትር በፊት ሁሉም በአስተዳዳሪዋ ቢሮ ተሰበሰቡ። ሾፌሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጥቀርሻ በሩ አጠገብ፣ አስተዳዳሪዋ ከጠረጴዛዋ ጀርባ፣ ጋጋሪው ወንበር ላይ፤ ልጁ ሕፃኗን አቅፋ ከጎኑ። መርፌ አልተቀመጠም።

«ሰዓት ጠጋኙ በዚያ ማንደጃ አልሞተም» አለ። «የነደደ ማንደጃ ፕላስቲክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ወለሉን ሳያቀልጥ አያድርም። ጠረጴዛው ላይ ብናኝ የለም። ቤቱ ውስጥ አንዲት ፍሬ ከሰል የለችም። ማንደጃው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ቀዝቃዛ አመድ እንደያዘ የገባ ነው።»

ሾፌሩ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ታዲያ ምን ገደለው?»

«አባትህ ሹራቡን አውልቆ ነው የተኛው። ካልሲው ራዲያተር ላይ ደርቋል። ትናንት ማታ ያ ክፍል ሞቆ ነበር። ሕንፃው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ የሞቁት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው። የአባትህና ከላዩ ያለው። አንድ ሰው ቦይለሩን ለኩሶ የቀኙን መስመር ዘጋ። ጭሱ በስንጥቁ ገባ።»

መርፌ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቁልፎች አመለከተ።

«ቁልፉን የወሰደው የሕፃን አልጋ ላወጣ ነው ያለ ሰው ነው። ሕፃኗ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው የተኛችው። ጠዋት ቦይለሩን አጥፍቶ ዱካውን ለማጥፋት ምድጃውን ጠረገ፤ የጠረገው ግን እጁ በለመደው መንገድ ነው። ሊጥ ከመግባቱ በፊት የምድጃ ወለል በእርጥብ ጨርቅ የሚያብስ ዳቦ ጋጋሪ ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «መስኮቱንም የከፈቱት ጭስ መግባቱን ስላወቁ ነው።»

«አባባ» አለች ልጁ።

ጋጋሪው እጆቹን አየ።

«ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሃያ ሰባት ቀኗ ነው። የቀረው የድንጋይ ከሰል ለሁሉም አይበቃም፤ ስለዚህ አንዱን ዘጋሁት። እሳት አውቃለሁ፤ ዕድሜዬ ያለቀው እሳት ፊት ነው። ወረቀቱ ተበላሽቷል ይላል፤ ከፍቼ ባየው የተበላሸ ነገር የለም። ስለ ጭስ ማውጫው የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

ጥቀርሻ አስተዳዳሪዋን አያት።

«ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «ጡቡ ሐሙስ ይመጣል ተብሎ ነበር።»

«ያንን ለጣቢያው ያስረዳሉ» አለ መርፌ። ዓይኑን ከጋጋሪው አላነሣም። «ከዚያስ?»

«እሱም ሞቆት ያድራል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ሻዩን ይዤ ስወርድ፣ ‹ሞቀህ ወይ?› ልለው ነበር።»  «ሳየው ገባኝ። ከዚያ ልጄ ታሰበችኝ። ‹ያንቺን ልጅ ለማሞቅ ሰው ሞተ› ሲሏት ልትኖር ነው። የራሴን ማንደጃ አወረድኩ።»

«ትናንት የሟች ልጅ ‹ከሰል አንድደህ ሙቅ› ሲል ሰምተው ነበር?»

ጋጋሪው ወደ ልጁ ዞረ።

«ሰምተው ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

«ስለዚህ ሁሉም ሰው እንደሚያምን ያውቁ ነበር። እሱ ራሱም ጭምር። እሳቱን መለኮስዎ ስህተት ነው፤ አለማወቅ ነው። ይህኛው ግን ታስቦበት የተሠራ ነው። አባቱን በአፉ የገደለ መስሎት እስኪሞት ሊኖር ነበር።»

ጋጋሪው ከወንበሩ ተንሸራትቶ በጉልበቱ ወረደና የሾፌሩን እግር ሊይዝ ሞከረ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ተነሥ» አለው። ሁልጊዜ ‹ጋሼ፣ እርስዎ› ይለው የነበረውን ሰው ዛሬ አንተ አለው። «ተነሥ፣ አትንካኝ።»

ፖሊሶቹ ሽማግሌውን ይዘው ሲወጡ ልጁ አላለቀሰችም። መሬት መሬቱን እያየች ሕፃኗን ትወዘውዛለች። መርፌ ጡቡ እስኪቀየርና ሕንፃው እስኪመረመር ድረስ የግራው ወገን ቤቶች እንዲለቀቁ አዘዘ። ጥቀርሻ የማሞቂያውን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ለመርፌ ሰጠው። ቢሮው ባዶ ሆነ፤ ሾፌሩና የጋጋሪው ልጅ ብቻ ቀሩ። መርፌ በሩ ላይ ቆሞ የምርመራ ወረቀቱን ይሞላ ነበር።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«አላውቅም።»

«ዘመድ የለሽም?»

ራሷን ነቀነቀች።

ሾፌሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። «እኔ ቤት ይሞቃል» አለ። «ሚስቴም አለች።»

«አባቴ እኮ አባትህን...»

«አውቃለሁ። እሱን ይቅር አላልኩትም፤ የምለውም አይመስለኝም። ብርዱ ግን ይህን አያውቅም። ልጅቱን ስጪኝና ካፖርትሽን ልበሺ።»

እሷ አመነታች። ከዚያ ሕፃኗን አቀበለችው። ሾፌሩ የሥራ ጃኬቱን ቁልፎች በአንድ እጁ ፈትቶ ሕፃኗን ውስጥ አስገባትና ከአንገቷ በታች ዘጋባት። መርፌ ለማሳለፍ ከበሩ ዞር አለላቸው። ሾፌሩ የሕንፃውን መግቢያ ደረጃ በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ እየረገጠ ወረደ፤ እሷም ከኋላው።