ያልተደወለው ደወል

ግዙፉ የመዝናኛ መንኮራኩር ቆሟል። መሬት በደረሰው የመስተዋት ካቢን ውስጥ ሽማግሌው ወንበሩን ደገፍ እንዳሉ ሞተዋል፤ ከተማውን ከላይ አይተው የሰለቹ ይመስላሉ። ከዘራቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። የግራ ጫማቸው ክር ታስሯል፤ የቀኙ ተፈቷል።

ባልደረቦቿ «ሰበዝ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ ክሩን አየች፤ አልነካችውም። ስሙን ያወጡላት ስለ ቅጥነቷ ብቻ አይደለም፤ ነገርን አንድ በአንድ እየመዘዘች ስለምታወጣም ነው።

ሐኪሙ ሟቹ ሻይ የጠጡበትን ስኒ ወደ ብርሃን አዘነበለው። «ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ አለ። የራሳቸው የልብ ክኒን ነው፤ ተፈጭቶ የተጨመረ። ይህን ያህል ከወሰዱ ይተኛሉ፤ አይነሱም።»

«የክኒኑ ብልቃጥ ማን ዘንድ ነበር?»

ሳጅኑ አጠገባቸው የቆሙት ቤተሰቦቻቸው እየሰሙ ቀደመ። «በትንሿ ሴት ልጃቸው ቦርሳ ውስጥ፤ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ሻዩንም ያፈላችው እሷ ናት። ነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ ከተማ ሥራ ልትጀምር ትኬት ቆርጣለች። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? ካቴናውን ላምጣ?»

«ካቴናው እግር የለው፤ የትም አይሄድብህም። ቆይ።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው የመንኮራኩሩን ኦፕሬተር ነበር።

«ሰው ሲወርድ አታቆመውም?»

«አላቆምም እትዬ። ቀስ ስለሚል ሰው እየተራመደ ይገባል፣ እየተራመደ ይወጣል። መራመድ የሚያቅተው ካለ ሊደርሱ ሲሉ ካቢኑ በር አጠገብ ያለውን ደወል ይጫናሉ፤ ያኔ አቆማለሁ። እኚህ አባት በየወሩ ይመጣሉ። ሁሌም የሚደውለው ወንዱ ልጃቸው ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጩኸት ሰምቼ ነው ያቆምኩት።»

የወንዱ ልጃቸው ሚስት ከቀሚሷ ላይ ክር እየለቀመች ተናገረች። «ወረፋው ላይ ሻዩን ከፔርሙዙ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ስኒውን ለባሌ ሰጠሁት፤ እሱ ለአባባ አቀበላቸው። ካቢኑ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልንደርስ ስንል ከዘራቸውን ከወለሉ አንስቼ ጭናቸው ላይ አደረግኩና ‹አባባ ደረስን› አልኳቸው። ጆሯቸው ስለሚከብድ ዝም ማለታቸው አልገረመኝም።»

ትንሿ ልጅ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሁሉንም በተመሳሳይ ድምፅ መለሰች።

«እኔ ስሄድ አባባ ታላቅ ወንድሜ ቤት ሊገቡ ነበር። ዕቃቸውን ትናንት ወስደናል።»

«ወንድምሽ ደስ ብሎት ተቀበለ?»

«እሺ አለ። ጋሼ እሺ ነው የሚለው።»

«ልትደርሱ ስትሉ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ጫማቸውን አስር ነበር። እግራቸው ስለሚያብጥ ሲቀመጡ እፈታላቸዋለሁ። አንዱን አስሬ ቀና ስል ጋሼ ወርዷል።»

«አለቀስሽ?»

«ጮህኩ መሰለኝ። ልቅሶው... ገና አልመጣም።»

ወንድምየው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ደወሉን ረሳሁት። ድካም ነው። ሰው አይደለሁ እንዴ?»

ሰበዝ የለበሰውን ካፖርት ተቀበለችውና እንዲመረምረው ለሐኪሙ ሰጠችው። ከዚያ ሁሉንም ትኬት መሸጫው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩ በሦስታችሁም እጅ አልፏል» አለች። «ብልቃጡንም ከቦርሳ አውጥቶ መመለስ ለማንኛችሁም ቀላል ነው። ስለዚህ ሻዩን ተውኩት፤ አወራረዱን ያዝኩ። አንዷ ጫማ ታስራለች፤ አንዷ ከዘራ ታነሳለች። ሁለቱም ሽማግሌው አብረዋቸው የሚወርዱ መስሏቸዋል።»

«ማስመሰል ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«ይቻላል። እኔ የፈለግኩት ማስመሰል የረሳውን ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «በየወሩ ይደውላሉ። ዛሬ ግን ቀድመው ወረዱ። ደወሉ ቀስ ብሎም ቢሆን ተነስቶ ለሚወርድ ሰው ነው። እንደማይነሱ ያወቀ ሰው እጁ ወደ ደወሉ አይሄድም።»

«ረሳሁት አልኩዎት እኮ!»

«ብለዋል። መርሳት ወንጀል አይደለም። የካፖርትዎ ኪስ ስፌት ግን አልረሳም።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ያው ነጭ ዱቄት ነው።»

ወንድምየው መጀመሪያ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ እህቱን አየ።

«ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመቻቸው እሷ ናት» አለ ወንድምየው በመጨረሻ። «እኔ ገና ሳልጀምር ደከመኝ። ዕቃቸው ሳሎኔ ውስጥ ተቆልሎ ሳየው... ሽማግሌ ተኝቶ ቢቀር ማን ይጠይቃል አልኩ።»

እህቱ ቀና አለች። «ጋሼ፣ አትሂጂ ብትለኝ እቀር ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያላልኩሽ።»

«ሳጅኑ ካቴና ላምጣ ሲሉስ? ያኔም ለእኔ ብለህ ነው ዝም ያልከው?»

የወንድምየው ሚስት ወንበሯን ከእሱ ትንሽ ፈቀቅ አደረገች። ሳጅኑ ሥራውን ሠራ፤ በዚህ ጊዜ አልቸኮለም።

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ አስከሬኑን ነገ ጠዋት የሚረከበኝ የቤተሰብ ሰው ያስፈልጋል።»

ሁሉም ወደ ትንሿ ልጅ ዞሩ።

«እኔ ነኛ» አለች። «ሌላ ማን አለ?»