የነጎድጓድ ልጅ ድልድይ

ሁለቱ ወንድማማች መሳፍንት ስለ አባታቸው ዙፋን በተዋጉበት በሦስተኛው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከተማዪቱን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ያለ ወትሮው ሞልቶ የእንጨቱን ድልድይ ጠራርጎ ወሰደው፤ ከማዶ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት የታናሽየው መስፍን ጦር ከኋላቸው እየገሰገሰ መሄጃ አጡ።

ገመድ የሚገመድበት ረጅም አዳራሽ በወዲህኛው ዳር ነበር። ስለ ድምፃቸው ‹‹ነጎድጓድ›› የተባሉት አዛውንቱ አለቃ ድልድዩ ሲናድ ጭናቸው ተሰብሮ በቃጫ ክምር ላይ ተጋድመዋል፤ የከተማዪቱ የጦር አበጋዝ ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡና የአለቃነቱን በትር ለአለቃው ሴት ልጅ ሰጧት።

‹‹ነገ ጀምበር ሳትጠልቅ ሰው የሚሻገርበት የገመድ ድልድይ እፈልጋለሁ። ትችያለሽ?››

‹‹እናቴ ከማዶ ናት፣ ጌታዬ›› አለች።

አበጋዙ እንደ ወጡ በትሩን አንሥታ እንደ አባቷ ልትጮህ ሞከረች፤ ድምፅዋ ግን ከመካከል ተሰነጠቀ። ‹‹ፌዘኛው›› የሚሉት ጎልማሳ ገማጅ ቃጫውን ጥሎ፣ ‹‹እሜቴ፣ ነጎድጓዱ የት ሄደ? ይህ እኮ ካፊያ ነው!›› ቢል አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ ሥራውም ቆመ።

ዕንባዋን እየዋጠች ከአባቷ አጠገብ ተንበረከከች።

‹‹ልጄ፣ የእኔ ጉሮሮ ምን ያደርግልሻል?›› አሉ እጇን ይዘው። ‹‹እኔ የምጮኸው ማን ምን እንደሚችል ስለማላውቅ ነው። አንቺ ግን ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ሰውን ስታስተውዪ ኖረሻል። ባለሽ ምሪ እንጂ።››

ተነሥታ አዳራሹን አየችው፤ መልሱ ሁልጊዜም ከፊቷ ነበረ። በትሩን አስቀምጣ ወደ ፌዘኛው ሄደች።

‹‹ወንድሜ፣ አንተ ስትቀልድ ሁሉም አብሮህ ይተነፍሳል። ነገ ገመድ ሳቢዎቹን አንተ ትመራለህ፤ ሲስቁ ይሳቡ።››

‹‹ስድብም ይፈቀዳል?››

‹‹ከእኔ ጀምር!››

ቀጥላም ነገር ሁሉ የማይጥማቸውን፣ ሰው የሚሸሻቸውን ነጭናጫ ሽማግሌ፣ ‹‹እርስዎ ይሁን ሳይሉ አንድ ገመድ ከዚህ በር አይወጣም›› አለቻቸው። ሽማግሌው በደስታ ተቆጡ። ‹‹ይህ ፍየል እንኳ አያስርም! ፍቱት!›› እያሉ ሲያስፈቱ፣ ሲያስገምዱ ቆይተው በመጨረሻ አንዱን ገመድ ጎትተው፣ አገላብጠው፣ ‹‹ይሁን›› ቢሉ ገማጆቹ ድል እንዳደረገ ሠራዊት እልል አሉ።

በማግሥቱ ዋናተኞች የገመዶቹን ጫፍ አሻግረው ከማዶ ካሉት ዛፎች ጋር አሰሩ። የአበጋዙ ወታደሮች ሊወጥሩ ቢሞክሩ ግን አንዱ ሲስብ ሌላው እየለቀቀ ገመዱ ውሃ ውስጥ ተንቦራጨቀ።

‹‹ጌታዬ፣ የእኔን ሰው ይስሙት›› አለች።

አበጋዙ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ወዲያው ግን ካባቸውን ጥለው ራሳቸው ገመዱን ያዙ። ፌዘኛውም ከድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ‹‹አበጋዙ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ እንደሚስቡት ሳቡ!›› ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ አበጋዙ ዞረ፤ አስቀድመው የሳቁት ግን እርሳቸው ነበሩ። ሠራዊቱ እየሳቀ በአንድ ትንፋሽ ሳበ፤ ገመዱም ከውሃው ወጥቶ እንደ ክራር አውታር ተወጠረ፤ ሌሎቹም ተከትለው ተወጥረው ድልድዩ ቆመ።

እናቷ የሰው ሕፃን አዝለው፣ ገመዱን ጨብጠው ተሻገሩ።

‹‹አባትሽስ? ጩኸቱን ባጣሁ ጊዜ ሞቷል ብዬ ነበር።››

‹‹ደኅና ነው፣ እማዬ›› አለች፣ እያነባችም እየሳቀችም።

የጠላት ፈረሰኞች ከማዶው ኮረብታ ብቅ ሲሉ የመጨረሻው ሰው ተሻግሮ ነበር፤ ነጭናጫው ሽማግሌ ያን ሁሉ የደከሙበትን ገመድ እያጉረመረሙ በገዛ መጥረቢያቸው ቆረጡት።

የዘመኑ ዜና መዋዕል ‹‹አበጋዙ ሕዝቡን በኃይላቸው አሻገሩ›› ይላል፤ ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም፣ እርሳቸውም ስበዋልና። የእርሷ ስም ግን የትም አልተጻፈም። እስክታረጅ አዳራሹን መራች፤ ከእጇ የወጡ ገማጆችም በየወንዙ ዳር አለቆች ሆኑ። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ያን ቀን ጦርነቱን ብቻ ሊመዘግብ ወጥቶ ነበርና፣ አንድ ሰው በሌላው ውስጥ ያለውን ችሎታ ሲያወጣ አጠገቡ ቆሞ ሳያየው አለፈ።