ሃያ ሦስተኛው ደንብ

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ በይ» አለች ኢነስ ብዕሯን እየነከሰች። «ጎህ ሲቀድ ብቻዬን ወደ ባሕር እወርዳለሁ። እግሬን እታጠባለሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ትመለሻለሽ» አለች ኩየን፣ ፊቷን እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አኮሳትራ። «በዋናው በር፣ ሳታንኳኪ፣ ጮክ ብለሽ እየሳቅሽ ትገቢያለሽ። ሳቁ ደግሞ ከሆድ መሆን አለበት። በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን እንግዳ እንዲህ ካልገባ አያቴ እንደ ንቀት ነው የሚቆጥሩት።»

ኢነስ ጻፈች። ሃያ ሦስተኛ ደንብ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ኢነስ ሻንጣዋን አዝላ ከፖርቱጋል ብቻዋን የመጣች የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት። በባሕር ዳሯ ከተማ በኩዊ ኞን ውስጥ፣ ከባሕሩ ሁለት መታጠፊያ ርቆ ባለው የኩየን ቤተሰብ ቤት ፎቁ ላይ ክፍል ከተከራየች ዐሥር ቀኗ ነው። ጠንቃቃ ናት። የፓስፖርቷን ቅጂ ጫማዋ ውስጥ ትደብቃለች፤ የመንገድ ዳር ምግብ ሲያምራት የአገሩ ሰው የተሰለፈበትን መርጣ ትበላለች። ከሌባም ከሆድ ቁርጠትም በላይ የምትፈራው ግን የሰው ባህል መድፈርን ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ደብተር ገዛችና አስተማሪ ፈለገች። ኩዊ ኞን በሙሉ ሰው ሞልቶ፣ ኩየንን ጠየቀች!

ኩየን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ በቤቱ እንግሊዝኛ የምትናገረውም እሷ ብቻ ናት። ፀሐይ ዛሬ በምዕራብ ወጣች ብትል ግማሹ ክፍል መስኮት ከፍቶ ያያል። መጀመሪያ ላይ ግን ለኢነስ የነገረቻት እውነት ነበር። አንደኛ ደንብ፦ ሰው ስትተዋወቂ ዕድሜውን ጠይቂ፤ አለዚያ ማንን እትዬ፣ ማንን አክስቴ እንደምትይ አታውቂም። ሁለተኛ፦ ዕቃ ስትሰጪም ስትቀበዪም በሁለት እጅ። ሦስተኛው ላይ ምላሷን በላት። «መንገድ ከመሻገርሽ በፊት ለፊተኛው ሞተረኛ ጎንበስ ብለሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ» አለች። በማግስቱ ኢነስ መንገድ ዳር ቆማ ጎንበስ አለች፤ ሞተረኞቹም አጸፋውን መለሱ። ኩየን ታሪኩን ለጓደኛዋ ለሃን ስትነግራት የሞተረኞቹን ቁጥር አራት መቶ አደረሰችው፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ አንድ የፖሊስ መኮንን ጨመረችበት። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! እንቁላል ስትገዢ ከባለሱቋ በፊት ለአውራ ዶሮው ሰላምታ ስጪ። ሾርባ ከመጠጣትሽ በፊት ዕድሜሽን ለሳህኑ አንሾካሹኪ።

ሃያ ሦስተኛው ደንብ እንኳ ሲፈጠር ማንንም አይጎዳም ነበር። የዓመቱን ዕድል ይዞ የሚመጣው ከሁሉ ቀድሞ በበሩ የሚገባው ሰው ነው፤ እሱም አጎቷ ሎክ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ይመጣል። ኢነስ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በፊት ተነሥታ አታውቅም። አንዴ አጎቷ ከገባ ወዲያ ዝሆን እየሳቀ ቢገባስ ማን ግድ አለው? ሃን ከመንገዱ ማዶ ሆና በስልኳ ልትቀርጽ ቃል ገብታለች።

ኢነስ ደብተሯን ዘጋች፤ ግን አልተነሣችም። ቤት ውስጥ ወዳለው መሠዊያ፣ የሟቹ የኩየን ወንድ አያት ፎቶ ወደተቀመጠበት እያየች «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነው። እዚያ አንድ የዕጣን እንጨት ለእሱ ባበራለት አያትሽ ይቀየማሉ?»

ኩየን ዓይኗን በተዘጋው ደብተር ላይ ጣለች። ሃያ ሦስተኛው ደንብ እዚያ ውስጥ ነው።

በዚያ ሰፈር ሐዘን ያልወጣለት ሰው በአዲስ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰው ደጃፍ አይረግጥም። እንኳን ቀድሞ ሊገባ፣ ከመንገድ ሆኖ ሰላም ይልና ያልፋል እንጂ።

«እ… እጠይቅልሻለሁ» አለችና ወደ ጓሮ ሮጠች።

አያቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የበዓሉን ሩዝ የሚጠቀልሉበትን የሙዝ ቅጠል በግራ እጃቸው ይወለውሉ ነበር። የቀኙ ከተሰበረ ወዲህ ደህና አይጨብጥም።

«መጣሽ? ስሚ» አሉ ሳያዩዋት። «ነገ አጎትሽ ሎክ ሳይመጣ አንዲት የእግር ጣትሽ ከበር እንዳትወጣ። የወጣ መመለሱ አይቀርም፤ ከተመለስሽ ደግሞ ቀድማ የገባችው አንቺ ልትሆኚ ነው። በድመት ዓመት የተወለደች ልጅ፣ በፈረስ ዓመት መባቻ! ድመትና ፈረስ መቼ ተስማምተው! ኧረ እግዜር ያውጣን!»

«አያቴ፣ እሱ እኮ ዝም ብሎ…»

«ዝም ብሎ? አምና ቀድሞ የገባው ማን ነበር? ያ የጎረቤት ሰካራም፣ ቤቱ መስሎት። ከዚያስ? የጀልባው ሞተር ሁለቴ ባሕር መሀል ተኛ። ይኸው እጄ። አባትሽን ደግሞ…»

አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም። አምና አባቷን ማዕበል ይዞት ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ደብዛው ሲጠፋ፣ በዚያ ቤት ሩዝ በስሎ ማንም ሳይቀምሰው ተደፍቷል። ዘንድሮም አባቷ አዲሱ ዓመት በገባ በስድስተኛው ቀን ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር ይወጣል። ለዚህ ነው አያቷ ሎክን ከሦስት ወር በፊት የለመኑት፤ ስሙ በረከት ማለት ነው፣ አምስት ልጆች አሉት፣ ሳቁ ከሦስት ቤት ይሰማል፣ የትውልድ ዓመቱም ከፈረስ ጋር እንደ ወንድም ነው።

«አያቴ» አለች ኩየን። «ኢነስ…»

«ምን ሆነች?»

«…ሩዙን መጠቅለል ልማር ትላለች።»

«ትምጣ! በሁለት እጇ መያዝ የምታውቅ ጨዋ ልጅ ናት።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኩየን ግን ገና ሳያድር ከበደ። ከሰዓት በኋላ ኢነስ ከአያቷ አጠገብ ሆና ስትጠቀልል ዋለች፤ አያቷ ደግሞ ቋንቋው ባይገባቸውም ፊት ማንበብ ያውቃሉ። እራት ላይ አባቷ ነበር። ከእራት በኋላ ደርሳ በሩን ብታንኳኳ ኢነስ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ተኝታለች። ለሃን ጻፈችላት። ሃንም «ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተነሥታ አታውቅም አላልሽም? አርፈሽ ተኚ» ብላ የሚስቅ ፊት ላከችላት። ኩየን ተገላበጠች፤ ተነሣች፤ ውሃ ጠጣች፤ ተመልሳ ተገላበጠች።

ጎህ ሲቀድ የውጭው በር ሲጢጥ ሲል ሰማች።

በመስኮት ዘልላ ልትወጣ ምንም አልቀራት፤ ግን በደረጃው ወረደች። ሰው ሁሉ ተኝቷል። የኢነስ ጫማ ከቦታው የለም። በሩ ገርበብ ብሏል።

ኩየን መቀርቀሪያውን ያዘች። ቀላል ነው። መቀርቀሪያውን ትወረውራለች፤ አልጋዋ ውስጥ ትገባለች፤ ታንኮራፋለች። ኢነስ መጥታ ስታንኳኳ አያቷ ይነቃሉ፤ በሁለቱ መካከል አንድ ቋንቋ የለም፤ እንደ ምንም ይገላገላሉ። ማንም ኩየንን አይጠይቃትም። ኢነስ ግን ባዶ እግሯን፣ ከተዘጋ በር ፊት ቆማ፣ ከሆዷ እየሳቀች…

«ወይኔ ጉዴ!» አለችና የድመት ዓመት ልጅ ከነሌሊት ልብሷ ከበሩ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

መታጠፊያው ላይ ተገናኙ። ኢነስ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ተጠቅልሏል፤ ጫማዋ በእጇ ነው፤ ሳቅ እየተለማመደች ነበር።

«ሃ! ሃ! ሃ! ከሆድ ነው አይደል?» አለች። ከዚያ የኩየንን ፊት አየች። «ምን አጠፋሁ?»

«እትዬ ኢነስ፣ አትግቢ። ሃያ ሦስተኛው ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ኢነስ ጫማዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። «ሃያ ሦስተኛው ብቻ?»

ኩየን የእግር ጣቶቿን ታይ ጀመር።

«ሞተረኞቹስ?»

«ውሸት።»

«አውራ ዶሮው?»

«እሱም።»

«በየቀኑ እኮ ነው ሰላም የምለው! ባለሱቋ ጨዋነቴን አይታ የምትስቅ መስሎኝ!» ፊቷ ቀላ። «ሾርባው?»

«ሾርባውም።»

«ሰው እንዳላስቀይም ብዬ ነው የጠየቅኩሽ» አለች ኢነስ። ድምፅዋ ዝቅ ሲል ከጩኸት ባሰ። «ሌላ ምንም አልፈለግኩም። እሺ፣ ውሸት ከሆነ ሳልስቅ እገባለኋ። አታሳልፊኝም?»

አሁን አንድ ውሸት ብቻ ይበቃ ነበር። የውጭ አገር ሰው ቀድሞ አይገባም፤ ለሁሉም ነው፤ አንቺን ብቻ አይደለም። ጣፋጭ፣ የተዘጋጀ፣ ምላሷ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ውሸት።

«ሐዘን ያለበት ሰው ዛሬ ቀድሞ ሰው ቤት አይገባም» አለች ኩየን። «ይሄ እውነት ነው። በአባትሽ ምክንያት ነው። የእኔ አባት በስድስተኛው ቀን ባሕር ይወጣል።»

ኢነስ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

«አባቴ ክፉ ዕድል ነው ማለት ነው?»

«አይደለም! …አላውቅም። እንዲህ ነው የምናደርገው።»

«ማልቀስስ?»

«ዛሬ አይለቀስም። ይሄም እውነት ነው።»

ኢነስ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፣ እንባው ሳይወርድ። «ልሂድ ብል እንኳ ሻንጣዬ ቤት ነው» አለች።

«እኔም መግባት አልችልም። ድመት ነኝ።»

«ምንድን ነሽ?»

ኩየን አስረዳቻት። ኢነስ ሳቅም ቁጣም አላማራትም፤ ግን ተከትላት ሄደችና ከበሩ ማዶ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች። በመሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተወች።

አንድ ሰዓት ሆነ። አጎት ሎክ አልመጣም። አንድ ተኩል ሆነ። በሩ ከውስጥ ተከፈተና አያቷ ብቅ አሉ፤ አዲስ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሰዋል።

«ቁሙ! አንዲት እርምጃ እንዳትራመዱ!» አሉ ግራ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው። «ማነው ይቺን ልጅ ያስወጣት?»

«እኔ ነኝ፣ አያቴ።»

ነገረቻቸው። ሃያ ሦስቱንም አይደለም፤ ግን የሚበቃውን ያህል። ስለ አባቷ ስትደርስ ወደ ኢነስ አየች፤ ኢነስ ነገሩ ገብቷት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ስለዚህ እሱንም ተናገረች።

አያቷ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ መልሰው አጠፉት። «ዛሬ አልቆጣም» አሉ። «ዛሬ መቆጣት ዓመቱን ሙሉ ያስቆጣል። በዓሉ ሲያልቅ፣ ለአራተኛው ቀን አስቀምጬልሻለሁ። አይዞሽ፣ አይበላሽም።»

ከዚያ ኢነስን አዩአት፤ ከእግሯ እስከ ራሷ። «ሐዘንተኛ የሰው ቤት አይሄድም» አሉ። «ግን ይቺ ልጅ ሌላ የት ቤት አላት? ሎክ ይግባ፤ ከዚያ ትገባለች። አባቷን ማን ይሉታል? ጠይቂያት። ስም ከሌለ ዕጣን አይበራም።»

«ዱዋርቴ» አለች ኢነስ፣ ኩየን ስትተረጉምላት።

«ዱዋ… ዱዋቴ» አሉ አያቷ። እንደገና ሞከሩ። አሁንም አልሆነም። እያነበነቡት ገቡና ቆይተው በበሩ ላይ፣ ደፉን ሳያልፉ፣ ሁለት ሲኒ ሻይ አቀበሏቸው። ኩየን በሁለት እጇ ተቀበለች።

አጎት ሎክ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። የማታው ቢራ ዓይኑ ላይ አለ፤ ሞተሩ ላይ ደግሞ ከእሱ የሚረዝም ቢጫ አበባ። «አረፈድኩ እንዴ?» ብሎ ከሦስት ቤት በሚሰማው ሳቁ እየሳቀ ገባ። ቤቱ በአንዴ ደመቀ። የአባቷ ድምፅ ተሰማ፤ የሲኒ ድምፅ ተሰማ።

«ኩየን! ነይ ግቢ! ቀይ ፖስታሽን ከነገንዘቡ ውሰጂ!» አለ አጎት ሎክ። «እንግዳዋንም አምጫት!»

ኩየን ተነሣች። ኢነስ ግን አልተንቀሳቀሰችም። አረንጓዴውን ደብተር ከኪሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታየዋለች፣ የትኛው ጎኑ እጇን እንደሚያቃጥላት እንደማታውቀው ድስት።

«አምስተኛው» አለች ሳታያት። «ዓሣ ተበልቶ ሲጋመስ ሳህኑ ላይ አይገለበጥም ያልሽኝ። እሱ ላይ እንኳ መንቃት ነበረብኝ።»

«እሱ እውነት ነው» አለች ኩየን። «ከገለበጥሽው ጀልባው ይገለበጣል።»

«ሙች በይ?»

«በአባቴ ጀልባ!»

ኢነስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ትመናት፣ አትመናት ገና አልወሰነችም።

«ኩየን!» አሉ አያቷ ከውስጥ። «ሻዩ ይቀዘቅዛል!»

«ትንሽ ቆይቼ፣ አያቴ!»

ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከቅድሙ ትንሽ ጠጋ ብላ። እጇን ለብዕሩ ዘረጋች። ኢነስ አቅማማች፤ ቆይታ ግን ሰጠቻት።

«ከሦስተኛው እንጀምር» አለች ኩየን፣ መስመሩ ላይ ቀጥ ያለ ጭረት እያሰመረች። «ለሞተረኛ ጎንበስ አይባልም።»