ከኋላዬ የምትገባው ሴትዮ

ይሄን ከሰው አልሰማሁትም። እኔው ላይ የደረሰ ነው። ማመን የከበደው ይተወው፤ እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

በጨለማ የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ከታች የመኪና ጡሩምባ ይሰማል...

ቦታው የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ። የእኔ ክፍል።

ሰው አገር እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ከሥራቸው ሰዓት ሰርቀው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንዲት ነርስ አለች፤ ጋዋኗን ሳታወልቅ ነው እየሮጠች የምትገባው። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አለ። አንድ ሾፌር ደግሞ አለ፤ አፉ ስለማያርፍ "ሬዲዮ" ነው የምንለው።

ከቤት ስወጣ "አንድ ዓመት ብቻ" ብዬ ነበር። ከዚያ እማዬ ታመመችና አልጋ ላይ ዋለች። ያኔም ኮንትራቱን አራዘምኩ። ደግሜም አራዘምኩ።

የምታስታምማት ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ። በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች።

"ዘንድሮስ?"

"ዘንድሮማ እመጣለሁ።"

"እሺ" ትላለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶ "ትቀጥያለሽ አይደል?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። ሳላንገራግር።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ገባሁ። በሩን ልዘጋ ስል ነርሷ "ቆይ... ቆይ" አለችና እጇን በመዝጊያው ላይ አደረገች። ትንሽ ጠብቃ ራሷ ዘጋችው። ሰሞኑን ሁሌ እንደዚህ ታደርግ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ትምህርቱ ቀላል ነው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፤ እነሱ ባንድ ድምፅ ይደግማሉ።

"ማይ ማዘር ኢዝ አት ሆም" አልኩ። እናቴ እቤት ናት ማለት ነው።

ክፍሉ በሙሉ ደገመ።

ከዚያ... ሁሉም ከጨረሱ በኋላ... አንዲት ሴት ብቻዋን ደገመች።

ቀስ ብላ። ቃሉ አፏ ላይ እየተሰባበረ። ከኋላ በኩል።

"ማነው ባቡሩ ያመለጠው?" አልኩ እየሳቅሁ።

ማንም አልሳቀም። ሬዲዮ እንኳ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።

"አይ አም ካሚንግ" አልኩ። እየመጣሁ ነው።

ደገሙ። አሁንም ያቺ ድምፅ ዘግይታ ተከተለች። መጨረሻው ላይ ሳል ያዛት። ደረቅ፣ ከሆድ የሚመጣ ሳል።

ያንን ሳል አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ከግድግዳው ወዲያ እየሰማሁት ነው ያደግሁት።

ወደ ኋላ ተመለከትኩ። የመጨረሻው ዴስክ ላይ ልብስ ሰፊው ብቻ ነው ያለው። ግን ጥግ ላይ ተጣብቆ ተቀምጧል። ቦርሳውንም ጭኑ ላይ አድርጓል። አጠገቡ ሰው ያለ ይመስል...

ትምህርቱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ሁሉም ሲወጡ ነርሷ ቀረች።

"ቲቸር... አይቆጡኝም?" አለች በሹክሹክታ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"እናትዎ ዛሬ በጣም ደክሟቸዋል። ቢያርፉ ይሻላል።"

"የማን እናት?"

"የእርስዎ ናቸዋ። ከኋላዎ ተከትለው የሚገቡት..." ፊቴን አየችና ደነገጠች። "እናትዎ አይደሉም እንዴ? ቁርጥ እርስዎን ነው የሚመስሉት።"

"ምን... ምን ለብሳለች?"

"ቢጃማ።" ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። "ጫማ የላቸውም፣ ቲቸር። እኛም ነውር እንዳይሆን ብለን ዝም አልን።"

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ለእትዬ ደወልኩ።

"እማዬ የት ናት?"

"የት ትሄዳለች? ተኝታለች። ምነው ድምፅሽ?"

"ሂጂና እያት።"

"አሁን አይቻት መጣሁ እኮ። በዚህ ሰዓት ቤቱ ቢፈርስም አትነቃም..." አለችና የክፍሉን በር ስትዘጋ ተሰማኝ።

"እትዬ?"

"ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር።"

"ምኑን?"

"እግሯን።" ትንፋሿ ይሰማኛል። "ከአልጋ ወርዳ አታውቅም፣ ተሸክሜ ነው የማገላብጣት። ከሰዓት እንቅልፏ ስትነቃ ግን እግሯ አቧራ በአቧራ ነው። አጥባታለሁ፤ በማግስቱ ያው ነው። ትናንት ደግሞ ተረከዟ ደማ። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? 'እኚህ እናት መንገድ አብዝተዋል፤ ልባቸው አልቻለም። ያስቁሟቸው' አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

እኔ "ዘንድሮ እመጣለሁ" እያልኩ ስዋሽ... እሷ በየቀኑ ትመጣ ነበር። በባዶ እግሯ።

ተነስቼ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

"ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አገሬ ልገባ ነው።"

"እንዴ! ፈተናቸው ደርሷል እኮ! እነዚህን ሰዎች ለማን ትተሻቸው ነው?"

"ሌላ አስተማሪ ፈልግላቸው።"

"ከየት አባቴ ላምጣ?"

ነርሷ በዚህ ፈተና የተሻለ ሆስፒታል ልትገባ ነው። ልብስ ሰፊው ባዕድ አገር የተወለዱ የልጅ ልጆቹን ሊያናግር ነው የሚማረው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው የተውኳቸው። ልሰናበታቸውም አልደፈርኩም።

በማግስቱ መጻሕፍቴን ሰብስቤ በጓሮ በር ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ልገባ ስል ቀና አልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱን ሞልተው ቆመዋል። ሁሉም። ልብስ ሰፊው እጁን አወጣ። መሰናበቱ አይደለም... ጥያቄ እንዳለው ተማሪ ነው ያወጣው።

አጎንብሼ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ቤት ስደርስ የከፈተችልኝ እትዬ ናት። ከስታለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ልታቅፈኝ አልቸኮለችም። "መጣሽ?" አለች ብቻ። ከዚያ ሻንጣዬን ተቀብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና አለቀሰች።

እማዬ እጄን ያዘች። "እፎይ" አለች። ረጅም እፎይታ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አልተኛችም። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። የተረከዟ ቁስል ደረቀ። መብላት ጀመረች። ሐኪሙ ልቧን አዳምጦ "ተዓምር ነው" አለ። እትዬ ቀልድ ትዝ አላት። "እኔማ ለካ የቤት ዕቃ ኖሬያለሁ! ሐኪሟ ትንሿ ልጇ ናት" እያለች ትስቅ ጀመር። ከስንት ጊዜ በኋላ ጓደኞቿን ልትጠይቅ ወጣች።

ከነርሷ የሚደወል ስልክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ ይጠራ ነበር። አላነሳሁትም። ምን እላታለሁ? ኋላ መጥራቱን ተወ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እትዬ ገበያ ሄዳለች። እኔ የእማዬን ፀጉር አበጥራለሁ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ድንገት ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች።

"ልጄ።"

"ወዬ፣ እማዬ።"

"ሰዎቹን አታስገቢያቸውም እንዴ?"

"የትኞቹን ሰዎች?"

"ደጅ ያሉትን። ይሄው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው..."

ማበጠሪያው ፀጉሯ ውስጥ ቆመ። "ማንም የለም፣ እማዬ። የግቢው በር ተቆልፏል።"

"አውቃቸዋለሁ እኮ" አለች። ድምፅዋ እንደ ጤነኛ ሰው የጠራ ነው። "ስመጣ ጠጋ ጠጋ ብለው ያስቀምጡኝ ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው። ደክሟቸዋል፣ ልጄ... መንገዱን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ምን ያህል እንደሆነ።"

ተነሳሁ። በሩን ቀስ ብዬ ሳብኩት።

ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ልክ እንደ ክፍላችን፣ በረድፍ በረድፍ። ነርሷ ጋዋኗን እንደለበሰች። ልብስ ሰፊው። ሬዲዮ፣ ጸጥ ብሎ። እግራቸው ባዶ ነው፤ አቧራ በአቧራ። የሁሉም ዓይን ተጨፍኗል። ደረታቸው እንደ ተኛ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል።

አንድም ዓይን አልተገለጠም።

አፋቸው ግን... ሁሉም ባንድ ጊዜ... ተከፈተ።

እንደከፈቱትም ጠበቁ። የመጀመሪያዋን ቃል እኔ እስክል።