ካታሎጉ ውስጥ የተደበቀችው ኮከብ

«ሪፖርቱ ሄዷል?» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት።

«ቲቸር ከእረፍት በኋላ ለተመራማሪዎቹ እልካለሁ ብለዋል» አለ አጠገቧ የተቀመጠው፣ ሁሉም አምፖል የሚለው ጓደኛዋ። «ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የሥነ ፈለክ ክበብ ባነሳው ፎቶ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ብርሃን ታየ። ኖቫ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ ድንገት ፈንድቶ የሚደምቅ ኮከብ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኮከብ ከመፈንዳቱ በፊትም ደብዝዞ እዚያው ቦታ ላይ ይኖራል። ያንን ነባር ኮከብ የሰማይ ኮከቦች ከተመዘገቡበት ካታሎግ ፈልጎ ማግኘት የእሷ ሥራ ነበር። አገኘሁት አለች፤ ተጨበጨበላት። ሰው ሲጨበጨብለት ደግሞ መልሶ አያጣራም።

አሁን ጉዷ ፈላ። ያን ቀን ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግራት፣ ካታሎጉ በጣም ደብዛዛዎቹን ኮከቦች እንዳያሳይ አድርጋ ነበር፤ ከዚያ ረሳችው። ዛሬ እስቲ ልያቸው ብላ ስትመልሳቸው፣ ልክ ብርሃኑ የታየበት ነጥብ ላይ አንዲት ጭል ጭል የምትል ኮከብ ቁጭ ብላለች። ለካ እሷ የመረጠችው የዚህችን ኮከብ ጎረቤት ነበር።

«ዝም በያ» አለ አምፖል ነገሩ ሲገባው። «ማን ያያል?»

«ተመራማሪዎቹ የተሳሳተችዋን ኮከብ የድሮ ፎቶዎች ሲበረብሩ ይከርማሉ! ስሜ ደግሞ ከላይ ነው የተጻፈው።»

ፈራች፤ የምር ፈራች። የክበቡ ልጆች በሳቅ ሲንፈራፈሩ ታያት። አምፖል አንድ ጊዜ የመንገድ መብራት አይቶ አዲስ ኮከብ አገኘሁ ብሎ ነበር። ስህተቱን ራሱ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ እንኳ አምፖል ነው የምትለው።

«እኔን እይኝ እንጂ!» አለ። «ተናገርኩ፣ ምን ተረፈኝ?»

«ቆጨህ?»

ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ። «ሲስቁብኝ ቆጨኝ። ግን ከዚያ በፊት ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የዚያን ዕለት ተኛሁ።»

በሩ ተከፈተ። ቲቸር እየሳቁ ገቡና ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ። «በሉ፣ የልጃችንን ሪፖርት እንላከው!»

ልቧ ድው ድው ይል ጀመር። ብድግ አለች። የቲቸር እጅ ማውሱን ጨብጧል።

«ቲቸር፣ ቆይ... አይላኩት» አለች።

ቲቸር ዞር አሉ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። አምፖል ተነሳና፣ ከእሷ ኮምፒውተር ፊት አንድ ወንበር ሳበላቸው።