ባዝን ልታነሣ የተነሣችው

ብትታመምስ? በማታውቀው አገር ትኩሳት ቢይዛት፣ ውኃ የሚያቀብላት ማን ነው?

ወይዘሮ ማንያህልሻል ስለ ልጅ ልጃቸው ይህን ጥያቄ ከፍልሰታ ጾም መግቢያ ጀምረው ሲጠይቁ ሰነበቱ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ጠየቁ፣ በስልክ ዘመድ ጠየቁ፣ ልባቸውን የሚያሳርፍ መልስ ግን አላገኙም። ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩም ነሐሴ ነበር፤ በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ ከተማ ሕዝቡ የወረርሽኙን ክትባት ተከትቦ ፊቱን መግለጥ ከጀመረ ገና ብዙ ሳይቆይ፣ ደዌው ስሙን ለውጦ ተመለሰ ተባለ፤ በኖርዝላንድ ሠፈር፣ በሞርስ ሮድ ግራና ቀኝ ያሉ ባለ ሱቆችም አውርደውት የነበረውን የአፍ መሸፈኛ ማስታወቂያ እንደገና በራቸው ላይ ለጠፉ።

ባለቤታቸው አቶ ጎሹ ያረፉት ባለፈው ጥር በዚሁ ደዌ ነው። ሆስፒታሉ ጠያቂ አላስገባም ስላለ፣ ወይዘሮዋ የተሰናበቷቸው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብለው በስልክ ቪዲዮ ነበር፤ ነርሷ ስልኩን አዛብታ ይዛው ኖሮ፣ የታያቸው የባላቸው ፊት ሳይሆን የክፍሉ ጣራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቤት የወጣ ሰው ሁሉ የማይመለስ ይመስላቸው ጀመር፤ አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ሐምራዊት ወተት ልትገዛ ወጥታ ብትዘገይ እንኳ መስኮቱን ይዘው ይቆማሉ።

ሐምራዊት ኢስተን በሚባል ሠፈር ካለ አንድ ሆቴል ትሠራ ነበር። በወረርሽኙ ሁሉ በተዘጋበት ወራት ሥራ ስትፈታ ካሜራ ገዛች፤ ሰው ከጎዳና በጠፋበት በዚያ የመጀመሪያ ዓመትም ከመሀል ከተማው ወረድ ብሎ ያለውን የጥንት ጀርመኖች ሠፈር፣ ጡብ ቤቱንም ጡብ መንገዱንም እየዞረች አነሣችው። ከዚያ በኋላ ልቧ የሸፈተው በእንግሊዝ አገር ባለች ባዝ በምትባል ጥንታዊት ከተማ ነው፤ ማር የመሰለ ድንጋይ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ የቤት ረድፍ፣ ሱቆችን ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገር ድልድይ። ጎብኚው ሳይመለስ፣ መንገዱ ጭር እንዳለ ካላነሣሁት ሁለተኛ እንዲህ ሆኖ አላገኘውም አለች፤ ሥራ ተመልሳ ያገኘችውን ደመወዝ አጠራቅማም ቲኬት ቆረጠች።

“እስቲ ስሙን ስሙት!” አሉ ወይዘሮ ማንያህልሻል። “ባዝ! ባዝነሽ ልትቀሪ ነው?”

“እማማ፣ መታጠቢያ ማለት እኮ ነው።”

“እና መታጠቢያ እዚህ ጠፋ?”

ቁጣውም ልቅሶውም አልሆን ሲላቸው ሽማግሌ ላኩባት። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ወይም ለዕርቅ እንጂ ለገዛ የልጅ ልጅ እንዳልሆነ አላጡትም፤ ግን ሌላ ምን በእጃቸው ነበር? በመሄጃዋ ዕለት ረፋዱ ላይ አቶ ጀማነህና አቶ ገብረኪዳን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ደጃፉ ላይ ተሰለፉ።

በሩን የከፈተችው ሐምራዊት ከክራባታቸው እስከ ጫማቸው አየቻቸውና ክው አለች።

“ኖ! ጋሼ፣ ሶሪ፤ ማን እንደ ላካችሁ አላውቅም፤ ግን አላገባም።”

አቶ ገብረኪዳን በመሸፈኛው ውስጥ ሳቁ። “ብታገቢልንማ ደግ ነበር። የመጣነው አትሂጂ ብለን ልንለምን ነው።”

“ማን ላካችሁ?”

ሁለቱም ወደ ሳሎኑ አዩ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ምንም ያላጠፋ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

“ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ!” አለች ሐምራዊት፤ ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነውና ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። “እሺ፣ ቁጭ በሉ።”

“ልመናችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ አቶ ጀማነህ በወጉ መሠረት። “ጉልበቴን ግን እያመመኝ ነው፤ ቶሎ እሺ በይን።”

“እንግዲያው ቆማችሁ መዋላችሁ ነው።”

አቶ ጀማነህ በከተማዋ ዳርቻ በዋይትሆል የጭነት መኪናዎች ያሏቸው፣ በኢትዮጵያውያኑ ማኅበር የሚደመጡ ሰው ነበሩ፤ በአንዲት ልጅ እንዲህ መመለስ አልለመዱም። “ስሚ ልጄ” አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ “ካሜራ ከወደድሽ ሠርግ አንሺ፣ ክርስትና አንሺ። የእንግሊዝን ግንብ እንግሊዝ ያንሣው። ጥቁር ልጅ ካሜራ ደግና በሰው ደጃፍ ስትገተር ምን የምትባል ይመስልሻል? ሰው ቦታውን ማወቅ አለበት።”

ሐምራዊት ልትመልስ አፏን ስትከፍት አያቷ ቀደሟት።

“ምን አሉ?”

ወይዘሮ ማንያህልሻል ከሶፋው ተነሥተው ቆመዋል። በካርቱም ስደተኛ ሳሉ፣ ልጅ አዝለው ከጥላ ሥር ሲቆሙ፣ ቦታሽ አይደለም እየተባሉ ከስንት ደጃፍ ተባረዋል።

“አቶ ጀማነህ፣ የላክሁዎት አትሂድ ብለው እንዲለምኑልኝ ነው። የት መቆም እንዳለባት እንዲነግሯት አይደለም።”

“ያው አይደለም እንዴ፣ እትዬ?”

“ያው አይደለም! በጠላት ወረራ ዘመን ከጃንሆይ ጋር ተሰደው ባዝ የተቀመጡትን ወገኖቻችንን ማን አነሣቸው? እንግሊዝ! ካባቸውን ደርበው፣ ፀሐይ ዓይናቸውን እየወጋው፣ ቁሙ ሲሏቸው እየቆሙ፣ ዙሩ ሲሏቸው እየዞሩ ሲነሡ ኖሩ። ተነሣን፣ ተነሣን፣ ሰለቸን! አሁን ደግሞ እኛ እናንሣ! ድንጋያቸው ይቁምና ልጄ ታንሣው!”

አቶ ገብረኪዳን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

“እትዬ ማንያህልሻል” አሉ በቀስታ፤ “እንግዲህ እኛ የማን ሽማግሌ ነን?”

ወይዘሮዋ ምን እንደ ተናገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። “እኔ አትሂድ ነው የምል” አሉ። “አሁንም አትሂድ ነው የምል። እናንተ ግን ሂዱልኝ።”

ሽማግሎቹ እንደ ቆሙ መጥተው እንደ ቆሙ ሄዱ።

ሐምራዊት ሻንጣዋን ወደ በሩ አስጠጋች፤ ተመልሳም በአያቷ እግር ሥር ተንበረከከች፤ ከዚያ ቤት ለትምህርት ጉዞ እንኳ ሳይመረቅ የወጣ ልጅ የለም።

“ባርኪኝ፣ እማማ።”

“አልባርክሽም።”

“ዋይ? ለምን? አሁን እኮ ለእኔ ተናገርሽልኝ!”

“እነሱን ነው የተናገርኋቸው። ብባርክሽ ፈቀድሁ ማለት ነው፤ አልፈቀድሁም።” ጉልበታቸውን ሰበሰቡባት። “አያትሽን አምቡላንሱ ሲወስደው በሰላም ይመልስህ ብዬ መረቅሁት። ተመለሰ? ያንቺን ምርቃት እዚሁ ይዤዋለሁ። ከፈለግሽው መጥተሽ ውሰጂው።”

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የሞተውን ቆጠሩ፤ ድንበር የተዘጋበትንና የተከፈተበትን ቀን መዘገቡ፤ ስለ ባዝም ድንጋይ፣ ማን እንዳነጸውና ማን እንደ ጠረበው፣ ብዙ ተጽፎ ይገኛል። በጠዋት ጭጋግ ባዶውን የግማሽ ጨረቃ የቤት ረድፍ የሚያሳዩ ጥቂት ፎቶዎችም ቀርተዋል፤ ያዩዋቸው ሁሉ ጸጥታቸውን ያደንቃሉ፤ ከግርጌያቸው የተጻፈውን የሐምራዊትን ስም ግን ከየት የመጣ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በኖርዝላንድ አንዲት አሮጊት የላከችውን ሽማግሌ በገዛ አፏ እንዳባረረችማ የጻፈ ማንም የለም። ታሪክ የሚያነሣው ፊት ለፊቱ የቆመለትን ነውና።

ከደጅ፣ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ የሚያደርሳት መኪና ጡሩምባ ነፋ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ከንፈራቸው የለመደውን የምርቃት ቃል እንዳያወጣባቸውም በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት። ሐምራዊት ከተንበረከከችበት ተነሣች፤ ካሜራዋን በአንገቷ አጠለቀች፣ ሻንጣዋን ጨበጠች፣ ከቤትም ወጣች።